ሁለት ቁጥር ቫዮሊን

ሰገን በምሳ ሰዓት፣ በሙዚቃ ክበቡ ክፍል ውስጥ፣ የሳጥኑን ክዳን ከፈተችና ወዲያው ዘጋችው። ዓይኔ ነው ብላ መልሳ ከፈተችው። ዓይኗ አልነበረም። የቫዮሊኑ የፊት እንጨት ከጎኑ ተላቆ አፉን ከፍቷል፤ በክፍተቱ ጣት ያስገባል። ክሮቹን ደግፎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት ወድቆ ጥግ ላይ ተጋድሟል። አራቱ ክሮች ረግበው ተልፈስፍሰዋል።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ጓደኛዋ ሄኒ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ። «ሰጊ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«ምንም! ማታ ደህና ነበር እኮ። እስክተኛ ድረስ ስለማመድበት ነበር። ጠዋት ደግሞ ሳልከፍተው አንጠልጥዬው መጣሁ፣ በቃ።»

ሳጥኑ ውስጥ የተነጠፈውን ቀይ ጨርቅ ዳሰሰችው። እርጥብ ነው። ከየት የመጣ እርጥበት ነው? ሰኔ ነው፣ ሰሞኑን ዝናቡ ሲያወርደው ነው የከረመው፤ ዛሬ ጠዋት ግን ከቂርቆስ ካዛንቺስ እስክትደርስ ጠብ አላለም።

ቀኑ ሐሙስ ነው። የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነው። በመሃል ያለችው አንዲት ዓርብ ብቻ ናት።

የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ያለው ሦስት ቫዮሊን ነው፤ ለአሥራ አንድ ልጅ ሦስት! ጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ሁለት ቁጥር የሰገንና የታዲዎስ የጋራ ነው። አንድ ቀን እሱ ቤት ያድራል፣ አንድ ቀን እሷ ቤት። ማክሰኞ ታዲዎስ ጋ አደረ፤ ረቡዕ ከሱ ተረክባ ወደ ቤት የወሰደችው ሰገን ናት። ቅዳሜ በወላጆች ፊት ብቻዋን ቆማ የምትጫወተውም እሷ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ የጣቷ ቆዳ እስኪላጥ የለፋችበት ሶሎ ነው። ደግሞም ቅዳሜ እናቷ ትመጣለች።

ይሄ የመጨረሻው ለሌላ ልጅ ምንም ላይሆን ይችላል። የማን እናት ነች በወላጆች ቀን የማትመጣው? የሰገን እናት፣ ወይዘሮ ትበርህ፣ ቫዮሊኑን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ የአዝማሪ ዕቃሽ» ነው የምትለው። ሰገን ልምምድ ስትጀምር ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። ሦስት ዓመት «አልመጣም» ስትል ኖራ፣ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቀና ሳትል፣ «በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አለች። በቃ፣ ይህችኑ ነው ያለችው። ሰገን ግን በደስታ እራቷን መብላት አቃታት።

«ስሚኝ» አለች ሄኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማክሰኞ ታዲዎስ ጋ ነበር አይደል? እሱ ነው ያበላሸው በይ።»

«ማታ ተጫውቼበታለሁ እያልኩሽ!»

«ማን አየሽ? ማለቴ፣ ማን ይመሰክርብሻል? ፋራ አትሁኚ ሰጊ። ሶሎሽ ሊቀርብሽ ነው እኮ!»

ሰገን መልስ ሳትሰጥ በሩ ተከፈተ። ቲቸር አባዲ ነው፣ የሙዚቃ አስተማሪያቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም በብርድም ያንኑ ቡኒ ኮት የሚለብስ ሰው ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ለክበቡ ልጆች የሚናገራት አንዲት ሕግ አለችው፦ ዕቃ የሰበረ ይነግረኛል፣ አብረን እንጠግነዋለን፤ የደበቀ ግን ከክበቡ ይወጣል። ቀልድ የለም።

ክፍት ሳጥኑን አይቶ ቀረበ። ቫዮሊኑን እንደ ታመመ ሕፃን በሁለት እጁ አነሳው፤ አሸተተው፤ ገልበጥ ሲያደርገው በአንዱ ቀዳዳ ሁለት ጠብታ ውሃ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ። «ኮላው ለቋል። ማን ጋ ነበር?»

«ታዲዎስ ጋ ነበር፣ ቲቸር!» አለች ሄኒ ፈጥና። መቼ እንደነበር አልተናገረችም።

ታዲዎስ ገና መግባቱ ነበር። ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቀረ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ስሙ ሲጠራ እንኳ የሚደነግጥ ዓይነት። ቫዮሊኑን አየ፣ ቲቸርን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቲቸር… ትናንት ጠዋት ነው» አለ። «ሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር ሰው ገፍቶኝ ከእጄ አመለጠ። ውሃ ያቆረ ቦታ ላይ ወደቀ። ሳጥኑን ጠረግኩት… ምንም የሆነ አልመሰለኝም። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

ሰገን አፏን ከፈተች። ማታ ደህና ነበር ልትል ነበር። ሦስት ቃል! ግን ታዲዎስ ራሱ ጥፋቴ ነው እያለ አይደል? ማን ያውቃል፣ የገባው ውሃ ቀስ ብሎ ሠርቶ ይሆናል። መውደቁ ውስጥ ውስጡን ጎድቶት ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለች ለራሷ ስታስረዳ፣ የመናገሪያው ጊዜ አለፋት።

«ደበቅክ» አለ ቲቸር አባዲ።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ሕጉን ታውቃለህ። ከዛሬ ጀምሮ ክበቡ ውስጥ የለህም። ሰኞ አባትህን ይዘህ ና።» ከዚያ ወደ ሰገን ዞረ። «ይሄ እንኳን ለቅዳሜ ለነሐሴም አይደርስ። አንቺ የኔን ትይዣለሽ።»

የቲቸርን ቫዮሊን ማንም ነክቶት አያውቅም። ሄኒ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንደማለት። ታዲዎስ ቦርሳውን እንደያዘ ተመልሶ ወጣ። ሰገን የቲቸርን ቫዮሊን አገጯ ሥር አስገብታ ሙሉ ሶሎውን ተጫወተች፤ ሁልጊዜ የምትደናቀፍበት ቦታ ላይ ዛሬም ተደናቀፈች። ከዚያ የከሰዓቱ ትምህርት ተጀመረ። ስለ ምን እንደተማሩ ብትጠየቅ አታውቅም።

*

ቤታቸው ቂርቆስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት። ሰገን ስትገባ እናቷ ከመሥሪያ ቤት ተመልሳ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ነጭ ቀሚሷን ትተኩሳለች። ወይዘሮ ትበርህ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋ ፋይል፣ ወሬዋ ፋይል፣ ሳቅ ብዙም የላትም። ዛሬ ግን ፊቷ ላይ የታፈነ ሳቅ አለ።

«እሺ፣ እንዴት ሆነልሽ?»

«ምኑ?»

«ድምፁ ነዋ! አላማረም?»

«የምን ድምፅ፣ እማ?»

እናቷ ካውያውን አቁማ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ጠቆመች። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ግማሹ ጎድሏል። ሰገን ጠርሙሱን ታውቀዋለች። የቂርቆስ ጸበል የሚመጣበት ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተን እናቷ እስክሪብቶዋን ሳይቀር ረጭታበታለች። በየዓመቱ ፈተና ሲደርስ ደብተሮቿ ላይ እፍኝ እፍኝ ይረጫል፤ የሒሳብ ደብተሯ ቀለሙ የተዥጎረጎረው በዚህ ነው።

«ጎህ ሳይቀድ ኪዳን ደርሼ ይዤልሽ መጣሁ» አለች እናቷ። «አንቺ ድብን ብለሽ ተኝተሻል። ላዩን ብቻ ብረጨው ምን ዋጋ አለው? ድምፁ የሚወጣው ከውስጥ አይደል እንዴ? በነዚያ በሁለቱ ቀዳዳዎች እያማተብኩ አንድ ኩባያ ሙሉ አፈሰስኩለት። ከዚያ በረከቱ እንዳይወጣ ሳጥኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት!»

ሰገን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ኩባያ። ሳጥኑ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ። ልትስቅም ልታለቅስም ነበር።

«ለአዝማሪ ዕቃ ጸበል?» አለች በመጨረሻ።

«ታዲያስ? የልጄ አይደለም እንዴ!» አለች እናቷ፣ ካውያዋን እያነሳች። ከዚያ ዞር ብላ በዝግታ፣ «ሦስት ዓመት ተቃወምኩሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ። መቃወሜን ግን ፈጣሪ እንዲቆጥርብሽ አልፈለግኩም» አለች።

አሁን ንገሪያት፣ አለች ሰገን ለራሷ። አሁን። ግን እናቷን ታውቃታለች። ከአራት ዓመት በፊት ወይዘሮ ትበርህ ከጎረቤታቸው ከፍረወይኒ ጋር ደምበል አካባቢ ሱቅ ልትከፍት ነበር። ገና በመጀመሪያው ጠዋት ቁልፉ መቆለፊያው ውስጥ ተሰበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፍ ሠሪ ይጠራል። እሷ ግን እዚያው ደጁ ላይ አማትባ፣ «ምልክት ነው፤ እግዚአብሔር አልፈቀደውም» ብላ ተመለሰች። ፍረወይኒ እስከ ዛሬ በዚህ ትስቅባታለች። ቁልፍ ሲሰበር እንዲህ ያለች ሰው፣ ጸበል ያፈሰሰችበት ቫዮሊን ለሁለት ተከፈለ ብትባል ምን ልትል ነው? ሰገን መልሱን ገና ሳትሰማው ሰማችው። ከዚያ በኋላ ቫዮሊን የሚባል ነገር የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም። ከዚያም የባሰ አለ፤ እናቷ ጥፋቱ የገዛ እጇ መሆኑን ታውቃለች።

«እኮ ንገሪኝ፣ አማረ?»

«አማረ፣ እማ። በጣም አማረ።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደማውቀው ነው በሚል ዓይነት፣ ቀሚሱንም ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

*

ዓርብ ረፋድ ታዲዎስ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለችው ሱቅ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ሰገን ከሩቅ ስታየው ሌላ መንገድ ነበር የፈለገችው። ሌላ መንገድ የለም።

«ኖታሽ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር» አለና የታጠፉ ወረቀቶች ዘረጋላት። የተቀደደው ጠርዛቸው በፕላስተር ተለጥፏል። «ማታ ነው የጠገንኩት። ለቅዳሜ እንዳይበርብሽ።»

ሰገን ተቀበለችው።

«ለአባቴ ራሴ ነገርኩት» አለ ታዲዎስ። «ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ። ከማታ ጀምሮ አላናገረኝም። ይሁን፣ ይገባኛል። ግን ሰጊ… ይቅርታ። ደግነቱ ቲቸር የራሱን ሰጠሽ። ባይሰጥሽ ኖሮ ራሴን አልምረውም ነበር።»

እውነቱን ነው የሚናገረው። ሰገንን ያቃጠላት ይሄ ነው። ቢሰድባት፣ ቢጠረጥራት፣ ባይኑ እንኳ ቢገላምጣት ይሻል ነበር። እሱ እኮ ይቅርታ ይጠይቃታል! በጥፊ ብትመታ እንኳ እንደዚህ አያማትም።

«ታዲ፣ አንተ አይደለህም» አለችው።

«ምን?»

«አንተ አይደለህም። ረቡዕ ማታ ደህና ነበር። እኔ ቤት ነው ውሃ የገባበት።»

እስኪገባው አልጠበቀችም፤ ኖታውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ ግቢው ገባች። ሄኒ በሩ ላይ ያዘቻት። ፊቷን አይታ ወዲያው ገባት።

«ሰጊ፣ እንዳታብጂ! አንድ ቀን ነው የቀረው። ቅዳሜ ይለፍና ሰኞ ንገሪው። ምን ችግር አለው?»

«ሰኞ አባቱን ይዞ ይመጣል» አለች ሰገን። «ልቀቂኝ፣ ሄኒ።»

ቲቸር አባዲ በክበቡ ክፍል ውስጥ ብቻውን ወንበር ይደረድራል። ሰገን በሩ ላይ ቆማ የተናገረችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ማታ ደህና እንደነበር፣ ታዲዎስ እንዳልሆነ፣ ውሃው ጸበል እንደሆነ፣ ለበረከት ተብሎ እንደፈሰሰ።

«ማነው ያፈሰሰው?» አለ ቲቸር።

«እኔ ነኝ።»

ቲቸር የያዘውን ወንበር አቆመ። «አንቺ ቫዮሊን ውስጥ ውሃ የምታፈሺ ልጅ አይደለሽም» አለ። ሰገን ጫማዋን አየች። «እናትሽ ያውቃሉ?»

«መሰበሩን አታውቅም። ቲቸር፣ በናትህ፣ አትደውልላት።»

ቲቸር አባዲ ቁጭ አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይቀላት ነበር። «ያ ሁሉ ውሃ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ እንዴት ገባ ብዬ እኔም ራሴን ጠይቄ ነበር» አለ። «ልጁ አመነ ብዬ ተውኩት። እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ ዛሬውኑ ሄጄ አባቱን አነጋግራለሁ። ያንቺን ግን… መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጸበሉን ትናንት ማታ። ታዲዎስ አለመሆኑን ግን… ያኔውኑ አውቅ ነበር።»

«ያኔውኑ ብትናገሪ አብረን እንጠግነው ነበር። አንቺ ግን ሌላ ልጅ ላይ አሳደርሽው።»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ሶሎውን ታዲዎስ ይጫወተዋል፤ እሱም ካንቺ ጋር ሲለማመደው ከርሟል። በኔ ቫዮሊን። አንቺ ከክበቡ ወጥተሻል። መስከረም ሲመጣ ወደዚህ በር ከመጣሽ፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ሰገን ኖታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በፕላስተር የተለጠፈው ጠርዝ ወደ ላይ ነበር።

*

ዓርብ ማታ ሦስት ጊዜ ልትናገር ሞከረች። አንደኛው ጊዜ እናቷ ስለ መሥሪያ ቤቷ ታወራ ነበር፤ «መዝገብ ቤት ያሉት ሁሉ ሰምተዋል፣ ኃላፊያችን ሳይቀር እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ!» ሁለተኛው ጊዜ ፍረወይኒ ለቅዳሜ ዝናብ ብላ ትልቁን ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። በሦስተኛው ጊዜ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ምንም ምክንያት አልነበረም፤ ሰገን ፈራች፣ በቃ።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቆርቆሮ ዝናቡ እየደበደበው ጢም ብሎ ሞላ። ወይዘሮ ትበርህ ቀድማ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ነጭ ቀሚሷ ላይ አንድ ሽብሽባት የለም። ሰገን ከጎኗ ተቀመጠች።

«ከመድረኩ ጀርባ መሆን የለብሽም?» አለች እናቷ።

«ትንሽ ቆይቼ» አለች ሰገን። ሌላ ውሸት። እየቆጠረቻቸው ነው።

መዝሙር አለፈ፤ ድራማ አለፈ፤ የርዕሰ መምህሩ ንግግር አላልፍ ብሎ በስንት መከራ አለፈ። ከዚያ ታዲዎስ በሰፊ ነጭ ሸሚዝ፣ የቲቸርን ቫዮሊን ይዞ ብቻውን ወጣ። ደጋኑን ክሩ ላይ አሳረፈና ጀመረ።

ሰገን ዓይኗን ጨፈነች። እያንዳንዷን ድምፅ ታውቃታለች። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ብቻቸውን ይንቀሳቀሱ ጀመር።

«ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

ሰገን ዓይኗን ገለጠች። «እንዴት አወቅሽ?»

«እንዴት አላውቅም? በየማታው እሰማው የለ!» ወይዘሮ ትበርህ ወደ መድረኩ አዘነበለች፣ አንገቷን አስግጋ። «አሁን ደግሞ ያቺ ቦታ ትመጣለች… ሁሌ የምትቆሚባት… ይኸው! እሱ አለፋት።»

ሦስት ዓመት ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ፣ ከሬዲዮኑ ሥር ስትሰማ ኖራለች። የምትሳሳትበትን ቦታ ሳይቀር። ሰገን መታገሥ አልቻለችም፤ እንባዋ መጣ፣ በእጇ ጀርባ ጠረገችው፣ ደግሞ መጣ።

ጭብጨባው ሲነሳ እናቷም አጨበጨበች። እያጨበጨበች ዞር ብላ አየቻት። «ያንቺ ተራስ መቼ ነው?»

«የኔ ተራ የለም፣ እማ።»

የወይዘሮ ትበርህ እጆች ቆሙ። «አሞሻል?»

«አላመመኝም። ስንወጣ እነግርሻለሁ።»

እናቷ እስከ መጨረሻው ድረስ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ለሌሎቹ ልጆች ሁሉ አጨበጨበች።

ሲወጡ ዝናቡ አላባራም። በሩ ላይ አንድ ታክሲ ቆሟል፤ ወያላው «ቂርቆስ! ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው!» ይላል። ወይዘሮ ትበርህ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ልትሳፈር እግሯን አነሳች። ሰገን ክንዷን ያዘቻት።

«በእግር እንሂድ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«አዎ።»

ታክሲው ሁለት ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። እናቷ የልጇን ፊት አየች፣ የፍረወይኒን ጃንጥላ ቀስ ብላ ዘረጋች። ሰገን ሥሩ ገባች። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሁሉንም ለመናገር ይበቃል።

«እማ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ።»

«ምን?»

«ምልክት ነው እንዳትይ።»

እናቷ ቃል አልገባችም። ጃንጥላውን ወደ ሰገን አዘነበለችው፤ የራሷ ትከሻ፣ የተተኮሰው ነጭ ቀሚስ፣ ዝናብ ይመታው ጀመር። ሰገን ከሐሙስ ጠዋት ጀመረች።